ለማናየው እግር ጫማ መግዛት

“ቁጥሩ ስንት ደረሰ?”

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት የምትሠራ እናት አገር ቤት ለተወችው ልጇ ጫማ ልትገዛ ስትነሳ መጀመሪያ የምትልከው መልእክት ይሄ ነው። በኢሞ የሚመጣላት መልስ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥር አይደለም። አያት “የድሮው ጠቦታል፣ ከፍ አድርገሽ ግዢ” ይላሉ። ልጁ ከኋላ ሆኖ “መብራት ያለው!” ብሎ ይጮኻል። እሷ ደግሞ ከሥራ በተሰጣት አጭር የእረፍት ሰዓት መደርደሪያው ፊት ቆማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእጇ የያዘችውን እግር በሐሳቧ እያሳደገች አንዱን ታነሳለች።

ስንት ብታሳድገው ነው ልክ የሚመጣው? ነገሩ በግምት የሚመለስ ቢመስልም ሒሳብ አለው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ የልጅ እግር በአማካይ በወር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ፈጠን ይላሉ፣ በወር አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል። እኛም ዓረቦቹም የለመድነው የአውሮፓ ቁጥር፣ ማለትም 28፣ 29፣ 30 እያልን የምንጠራው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው የሚጨምረው፤ 6.7 ሚሊሜትር። አሁን አባዙትና አካፍሉት። የአራት ዓመት ልጇን ትታ የሄደች እናት የተለመደውን የሁለት ዓመት ኮንትራት ጨርሳ ስትመለስ እግሩ ሦስት ቁጥር ተኩል አድጎ ነው የሚጠብቃት። በዓይነ ሕሊናዋ ያለው እግርና መሬት ላይ ያለው እግር የተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ከሻንጣ ወጥቶ፣ ሁለት ቀን ተደርጎ፣ ለጎረቤት ልጅ የሚሰጠው ጫማ የበዛው። ወይም ደግሞ ከፊቱ ጥጥ ተጠቅጥቆበት “ያድግበታል” የሚባለው። ደመወዟን በቀን እየከፋፈለች የምታስብ ሴት ያ ጫማ ስንት የሥራ ቀን እንደበላ ታውቀዋለች።

ልጁ ራሱ ቢጠየቅስ? ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ ታማኝ ምስክር አይደለም። በመጀመሪያ አዲስ ጫማ ሊያጣ አይፈልግም፤ ሁለት ቁጥር ቢጠበው እንኳ “ልኬ ነው” ይላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከእሱ ፍላጎት ውጪ ነው። የትንሽ ልጅ እግር ገና ሙሉ አጥንት አልሆነም። ብዙው ክፍል ልም አጥንት ነው፤ ጨርሶ የሚጠነክረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ሲጨናነቅ እንደኛ አያመውም፣ ዝም ብሎ ይታጠፋል። ኦስትሪያ ውስጥ ተመራማሪዎች የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን እግርና የጫማቸውን ውስጥ ሲለኩ ብዙዎቹ ልጆች ያጠረ ጫማ እያደረጉ አግኝተዋቸዋል። የሚገርመው ጫማዎቹ ራሳቸው ከተጻፈባቸው ቁጥር አጥረው መገኘታቸው ነው። እናትና አባት አብረዋቸው እየኖሩ፣ ጫማ ሱቅ ይዘዋቸው እየሄዱ ይሄ ከሆነ፣ በስልክ ለሚለካው ልጅ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ገምቱት።

ቁጥር ሲባል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የእንግሊዞቹ ቁጥር የሚቆጠረው በገብስ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በኢንች ሲሶ ሲሆን ይሄም በጥንቱ ልኬታቸው የአንድ ገብስ ፍሬ ርዝመት ነው። ልጆች ጋ ሲደርስ ደግሞ እስከ 13 ይሄድና 14 ማለት ሲገባው ተመልሶ ከ1 ይጀምራል። አሜሪካኖቹም ይሄንኑ ልማድ ወርሰዋል፤ የእነሱ ቁጥር ግን ከእንግሊዙ እስከ አንድ ድረስ ይለያል። ከጅዳ የተላከ “1” የሚል ጫማ አይተው “ይሄ ለአራስ ነው እንዴ?” ያሉ የዘመድ አዛውንት ነበሩ፤ ጫማው ለሰባትና ስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው። አንድ ላይ የተደረደሩ ሁለት ሠላሳ ቁጥሮችም ቢሆኑ ከተለያየ ፋብሪካ ከመጡ ውስጣቸው እኩል ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ “ቁጥሩ ስንት ደረሰ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀየር። የሚጠየቀው “እግሩ ስንት ሴንቲሜትር ነው?” ተብሎ ነው።

ይሄን ለመመለስ ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ የሚገኝ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያና አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ግድግዳ ሥር ይነጠፋል። ልጁ ተረከዙን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተቀምጦ አይለካም፣ ምክንያቱም እግር ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል። የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሲሮጥ ውሎ እግሩ ትንሽ ካበጠ በኋላ። ከጫማው ጋር የሚያደርገውን ካልሲ ያድርግ። ጫፍ ላይ የሚደረሰው ጣት (ሁሌ አውራ ጣት አይደለም፣ አንዳንዱ ልጅ ሁለተኛው ይረዝምበታል) በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ ምልክቱ ይለካል። ሁለቱም እግር። ትልቁ ነው የሚወሰደው። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ወደ ውስጥ ካጋደለ እግሩን ያሳጥራል፣ ወደ ውጪ ካጋደለ ያስረዝማል።

ፎቶ ብቻ መላክ ግን ያሳስታል። ካሜራው ትንሽ ከተዘነበለ 18ቱ ሴንቲሜትር 17 ይመስላል። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። የኤቲኤም ካርድ የየትኛውም ባንክ፣ የየትኛውም አገር ቢሆን መጠኑ አንድ ነው፤ ርዝመቱ 8.56 ሴንቲሜትር ነው። ካርዱን ከእግሩ ሥዕል ጎን አስቀምጦ (ቁጥሩ በማይታይበት በኩል ገልብጦ፣ አደራ!) ስልኩን ልክ ከአናቱ ይዞ ማንሳት። እናትየዋ ያንን ፎቶ ስታይ የተጻፈላት ልኬት እውነት መሆኑን ራሷ ታመሳክራለች። 18.2 ሴንቲሜትር የተባለ እግር ሁለት ካርድ ሆኖ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለበት። ሦስት ካርድ ሊሞላ ከቀረበ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ።

እንግዲህ 18.2 የሚል መልእክት መጣ እንበል። ቀጥሎ ያለውን ያስተማረችኝ ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። ከሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ትቆርጣለች። ርዝመቱ ግን 18.2 አይደለም። እግር ሲራመድ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከጣቱ ፊት 12 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ የመንገዱ ጊዜ አለ።

የመንገዱ ጊዜ ያልኩት ቀላል አይደለም። ጫማው ዛሬ ቢገዛም ዛሬ አይደረግም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እስኪገኝ፣ ሰውየው ኪሎ ተርፎት “እሺ አምጪው” እስኪል፣ አዲስ አበባ ደርሶ ደግሞ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ የሚያደርሰው እስኪገኝ ሁለትም ሦስትም ወር ይሄዳል። ጫማው ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ እግሩ ግን እያደገ ነው። ሦስት ወር ከሆነ ሦስት ሚሊሜትር። ስለዚህ 18.2፣ ሲደመር 1.2፣ ሲደመር 0.3፤ ካርቶኑ 19.7 ሴንቲሜትር ተደርጎ ይቆረጣል። በአውሮፓ ቁጥር ይሄ 30 ጋ ያደርሳል። የመንገዱ ጊዜ ባይቆጠር ኖሮ 29 ይገዛ ነበር፤ ሲደርስ ልክክ የሚል፣ በሁለት ወሩ የሚጠብ 29።

ካርቶኑ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሱቅ ውስጥ ጫማው ውስጥ ይከተትና እስከ ጫፉ ይገፋል። ተረከዙ ጋ ከተጣጠፈ ጫማው አጭር ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው 30ም ይሁን 31 ለውጥ የለውም። ዘና ብሎ ከተኛና ከኋላው የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ከቀረች እሰየው። ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከተረፈ ግን “ያድግበታል” የሚለው የአያት ፍልስፍና እየመጣ ነው። ሰፊ ጫማ ጉዳት የሌለው ይመስላል እንጂ እግሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣቶቹ ፊቱን ይመታሉ፤ ልጁም እንዳይወልቅበት ጣቱን እየቆለመመ ይራመዳል። በሩጫው መሐል ድንገት የሚደናቀፍ ልጅ ካያችሁ አንዳንዴ ጥፋቱ የጫማው ነው።

ስፋቱስ? በባዶ እግሩ ወይም በነጠላ ጫማ ሲሯሯጥ ያደገ ልጅ እግሩ ከፊት ሰፋ ይላል። ገበያ ማዕከሎች ውስጥ ያሉት የእንግሊዙ ክላርክስ ሱቆች ለልጆች ስፋትን በፊደል ይለያሉ፤ ኤፍ መካከለኛው ሲሆን ጂ ሰፋ ያለው ነው። እንዲህ ዓይነት ምርጫ የሌለበት ሱቅ ከሆነ ፊቱ ሾጠጥ ያለውን ትቶ ክብ ያለውን ማንሳት ይሻላል። የሥዕሉን ወረቀት ቆርጦ ከልኩ ሶል ሥር መያዝም ያስኬዳል፤ ወረቀቱ በጎን በኩል ከሶሉ ወጥቶ ከታየ እግሩም ይወጣል።

ጥራትን በተመለከተ ብራንድ ላይ ብዙ ባልቆይ ደስ ይለኛል። እጅ የተሻለ ይናገራል። ጫማውን ፊቱንና ኋላውን ይዛችሁ እጠፉት። ጣቶች ከእግሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ከፊት ሲሶው ላይ ከታጠፈ ጥሩ ነው። መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ከታጠፈ ወይም ጭራሽ እምቢ ካለ ይመለስ። ተረከዙን የሚይዘውን የኋላ ክፍል በሁለት ጣት ጨብጡት፤ እንደ ካልሲ እሺ ብሎ ከተጨፈለቀ እግሩን አይደግፍም። እጃችሁን ውስጡ ከታችሁ ስፌቱን ዳብሱ፤ እጃችሁን የቧጠጠ ነገር የልጁንም ጣት ይልጣል። ገና ሳይከፈት ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸት ጫማ በመጀመሪያው ዝናብ አፉን ይከፍታል፤ ይሄን መርካቶ ላይም አይተነዋል። መብራት ያለውስ? ልጁን አላስከፋም፣ አንድ ይገዛለት። ግን ባትሪና ሽቦ የተቀበረበት ሶል ብዙ ጊዜ ደረቅና ከባድ ነው፤ ለበዓል እንጂ በየቀኑ ትምህርት ቤት ለሚመላለስበት አይሆንም።

ኮፒ ጫማ ላይ አንድ ነገር ልበል። ካራማም ይሁን ባትሃ፣ የታወቀ ስም ተለጥፎበት በሩብ ዋጋ የሚሸጠውን ብዙ ሰው የሚተወው “ፌክ ነው እንዳይባል” ብሎ ነው። የኔ ችግር ሌላ ነው። ቁጥሩ ለማንም የማይጠየቅበት ቁጥር ነው። ካርቶኑ ከገባለትና እጁ ፈተናውን ካለፈ፣ ስሙ ለኔ ምንም ማለት አይደለም፤ ለልጁ ግን ሊሆን ይችላል፣ የሰፈር ልጆች ሎጎ ሲያነቡ ከፊደል በፊት ነው።

ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን የሚያውቁት ሌላ ምንጭ አለ፦ ማዳም የምትሰጠው። የአሠሪዋ ልጅ የጠበበው ጫማ። ይሄን “ልባሽ ነው” ብሎ መናቅ አይገባም፣ ግን መገልበጥ ይገባል። ሶሉ በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ የሌላ ልጅ አረማመድ ታትሞበታል፤ ይቅር። ለሠርግና ለዒድ ሁለት ጊዜ ተደርጎ የጠበበ፣ ሶሉ ገና ጥርሱ ያልጠፋ ከሆነ ግን ሱቅ ውስጥ ካለው አዲስ አይተናነስም። ካርቶኑ እዚህም ይሠራል።

ልጆቻቸው አብረዋቸው ለሚኖሩ ወላጆች ይሄ ሁሉ ጣጣ ያጥርላቸዋል። ልጁን ሱቅ ይዞ መሄድ፣ የቆመበትን ማስለካት፣ አለቀ። ለንደን ያለ ወላጅ ደግሞ በትንንሽ ልጆች ጫማ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፍልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ነሐሴ ወር አጋማሽ አካባቢ ሜሪላንድ በየዓመቱ ከሽያጭ ታክስ ነፃ የምታደርገውን ሳምንት ቢጠብቅ እስከ 100 ዶላር በሆነ ጫማ ላይ ይጠቀማል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ኮሌጅ ውስጥ የዕቃ እርጅና ብለው ያስተማሩን ነገር እዚህ ላይ ይገለበጣል። የአዋቂ ጫማ የሚሞተው ሲያልቅ ነው። የልጅ ጫማ የሚሞተው እግሩ ሲያድግ ነው። በወር አንድ ሚሊሜትር ከሆነና አንድ ቁጥር 6.7 ሚሊሜትር ከሆነ፣ አንድ ጥንድ ከስድስት እስከ ሰባት ወር ነው ዕድሜው፤ ብረት ቢሆንም እንኳ። ለምሳሌ የ50 ድርሃም ጫማ በሁለት ወር ቢቀደድ፣ በስድስት ወር ሦስት ጥንድ፣ 150 ድርሃም ወጣ። አንዱ የ150 ድርሃም ጫማ ስድስት ወሩን ቢሞላ ሒሳቡ እኩል ነው፣ የሁለት ጊዜ መላኪያ ግን ይቀራል። የ400 ድርሃሙ ሁለት ዓመት ቢቆይስ? ታናሽ ወንድም ከሌለ የቀረውን አንድ ዓመት ተኩል የሚያደርገው የለም። ለጥንካሬ ተብሎ ከሰባት ወር በላይ የሚከፈል ገንዘብ ባዶ ነው ባይ ነኝ።

ርካሽ ጊዜውም ለኛ ይመቻል። ዱባይ ውስጥ በየዓመቱ በበጋቸው፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ነሐሴን ይዞ የሚቆይ ትልቅ ቅናሽ አለ፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስከረሙ ትምህርት ልክ ነው። ግን ከመጀመሪያው መሄድ ይሻላል። መጨረሻ ላይ መደርደሪያ ላይ የሚቀሩት ወይ የሕፃን ወይ የጎረምሳ ቁጥሮች ናቸው፣ መሐሉ ተጠርጎ ያልቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይወደውን ሐሳብ ልናገር። ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ጥቁር የቆዳ ጫማ ከዓረብ አገር መላክ ትርፉ አይታየኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ሆኗል። ድርሃምና ሪያል ከዶላር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ (አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ወይም 3.75 ሪያል ነው) እነሱም አብረው ወጥተዋል። ከውጭ የሚገባው ጫማ አዲስ አበባ ላይ ተወዷል፤ እዚሁ በቆዳችን የሚሠራውም ጨምሯል፣ በድርሃም ለሚያስብ ሰው ግን አሁንም ዋጋው ይቀመሳል። ከሁሉ በላይ እግሩ ያለው እዚህ ነው። መርካቶ ያለ ጫማ ሠሪ ልጁን አቁሞ ይለካዋል፣ ቢጠብ ይቀይራል፣ ሶሉ ቢላቀቅ ሰፈር ያለው ሊስትሮ ይሰፋዋል። ብሩ ይላክ፣ ልኬቱ እዚህ ይሁን። ስፖርት ጫማው፣ ጥሩ ስኒከሩ ከዚያ ይምጣ።

ይሄን ስነግራት የአክስቴ ልጅ አልተስማማችም። “እኔ የገዛሁት ነው መድረስ ያለበት” አለችኝ። ሒሳብ የማይገባበት ቦታ እንደሆነ ስለገባኝ ዝም አልኩ።

ከሒሳቡ ሁሉ በላይ የሚያናድደው ኪሳራ ግን ዓረብ አገር ሳይሆን እዚህ ቤት ውስጥ ነው የሚፈጠረው፤ ቁም ሣጥን ላይ። ጫማው በሰላም ይደርሳል፣ ልጁ አድርጎት ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ይላካል። ከዚያ አያት በካርቶኑ መልሰው “ለፋሲካ ነው” ብለው ያስቀምጡታል። እሳቸው ክፋት የለባቸውም፤ የልጃቸው ድካም ነውና በጭቃ እንዲቆሽሽ አይፈልጉም። ፋሲካ ሲመጣ ጫማው ይወርዳል፣ እግሩ አይገባም። አንድ ጊዜ ፎቶ ለመነሳት ብቻ የተገዛ ጫማ ሆኖ ይቀራል። ይሄን የምታነቡ፣ እቤታችሁ ውስጥ ስልክ የምትደውሉትና ኢሞ የምትከፍቱላቸው እናንተ ናችሁ፤ አያትን ማግባባቱም የናንተ ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ጀምሮ ይድረገው። ይቆሽሽ።

ጫማው በደረሰ ቀን እግሩ እንደገና ይለካና ቀኑ ተጽፎ ለእናቱ ይላክላት፤ የሚቀጥለው ልኬት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ያረጁ ካርቶኖቿን አትጥልም። ጀርባቸው ላይ የእግሩን ልክና ወሩን ጽፋ፣ በጎማ አስራ፣ ከልብሶቿ ሥር ታስቀምጣለች። እስካሁን አራት ሆነዋል፤ 16.4፣ 17.0፣ 17.6፣ 18.2። አምስተኛውን ለገና እየጠበቀች ነው።